አሥራ ሁለት ፍሬ ሽምብራ

ያደግኩባት ወገዳ መናኸሪያ ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ መጀመሪያ የተቀበለኝ የሽምብራ ቆሎ ሽታ ነው። አንዲት ሴትዮ አጥሩ ጥግ ተቀምጣ ታምሳለች፤ የደረሰውን ከደብተር በተቀደደ ወረቀት እየጠቀለለች ለመንገደኛ ትሸጣለች። አንድ ጥቅል ገዛሁና እንደ ልማዴ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ወደ አፌ መወርወር ጀመርኩ። ሽምብራ ቆሎ ሳልቆጥር በልቼ አላውቅም። መሥሪያ ቤት አብረውኝ የሚውሉት ይስቁብኛል፣ ንፉግ ነሽም ይሉኛል። ንፍገት አይደለም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አሥራ ሁለት ፍሬ ሽምብራ በልቼ አንድ ትልቅ ሰው ከማራቶን ላስቀር ምንም አልቀረኝም ነበር።

ትልቁ ሰው የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ፈንቴ ነው። እናቴ «አያ» እያለች «አንተ» ስለምትለው እኛም ከሷ ሰምተን እንደዚያው እያልነው አደግን፤ ቅር አላለውም። ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን የቤታችን በረንዳ ላይ ዘርግቶ ከጠዋት እስከ ማታ ሲረግጥ ይውላል። አርባውን ተሻግሮ ትዳር አልያዘም፤ እናቴ በዚህ ነገር በሳምንት አንድ ቀን ትነዘንዘዋለች፣ እሱም በሳምንት አንድ ቀን «እሺ» ይላታል። ለምን መሮጥ እንደጀመረ የጠየቀው ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። «እግሬ ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፣ እኔ ግን ከወንበሬ ፈቀቅ አልልም። አንድ ቀን እንኳ አብሬው ልሂድ ብዬ ነው» ይላል።

ከዚያ ዓመት በፊት በነበረው ዓመት ባሕር ዳር ወርዶ ማራቶን ጀምሮ ነበር። ሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የቀኝ እግሩ የተረከዝ ጅማት ያዘው። እያነከሰ ትንሽ እንደሄደ፣ የደከሙትን ከኋላ እየለቀመ የሚመጣው አውቶቡስ ደረሰበትና ጫነው። እኔ ነገሩ የገባኝ ገልብጬ ነው። ብዙ ሰው ሲሮጥ አንዳንዱን ብቻ መርጠው መኪና ላይ ካወጡት፣ የተመረጠው ጎበዙ መሆን አለበት። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሄጄ «ሌሎቹን በእግራቸው ሲለቋቸው የኔን አጎት በመኪና አመጡት» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። በሳምንቱ ገበያተኛው ሁሉ በበረንዳው በኩል ሲያልፍ «ፈንቴ፣ በመኪና ሮጠህ መጣህ አሉ» ይለው ጀመር። እሱም ቀና ሳይል «አዎ፣ ወንበሩ ይመቻል» እያለ ይሰፋል። ወሬው ከየት እንደወጣ አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ክረምቱን ወጌሻ ሲያሸው ከረመ። የስፌት መኪናውን በግራ እግሩ ብቻ እየረገጠ ነበር የሚሠራው፤ ድምፁ ሁሉ ያነክሳል፣ ይሄድና ይቆማል። የዚያን ዓመት ዩኒፎርሜን የሰፋልኝ በዚያ በአንድ እግር ዘመን ነው። ይኼን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጫማውን አሰረና እንደገና ወጣ።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው በጠዋት አይሮጥም። ከሮጠ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ከብት ተነድቷል፣ ወይ ቤት ተቃጥሏል። ከከተማው ወጣ እንዳለ ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ማጭዳቸውን እንደያዙ መንገዱ ላይ ወጥተው ጠበቁት።

«ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትበረው?»

«ለጤናዬ ነው» አላቸው።

ይኼ መልስ ነገሩን አባሰው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶች አንድ ገንቦ እርጎ ይዘው «ፈንቴ ታሟል አሉ» ብለው ሊጠይቁት መጡ። እናቴ ልትሞት ደረሰች ከሃፍረት። እሱ ግን እርጎውን ጠጣ፣ ምስጋናውን አቀረበ፣ በማግሥቱም ሮጠ።

ሁለተኛው ችግር ሰላምታ ነበር። ሰው አልፎ ሰላም ሳይሉ መሄድ ነውር ነው፤ ቆመው ሰላምታ እንዳይለዋወጡ ደግሞ ልጅ፣ ከብት፣ አዝመራ እየተባለ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። አያ ፈንቴ አንድ ዘዴ አመጣ። የመጀመሪያው ቤት ደጅ ላይ ሲደርስ «እንደምን አደራችሁ» ይላል፣ ሁለተኛው ቤት ላይ «ልጆች ደኅና?» ይላል፣ ሦስተኛው ላይ «ከብቱስ?» ብሎ ይጨርሳል። አንድ ሰላምታ ለሦስት ቤት። ሰዎቹ መጀመሪያ ቅር አላቸው፣ ኋላ ግን ለመዱትና የመጨረሻው ቤት ሽማግሌ ገና ከሩቅ ሲያዩት «ከብቱ ደኅና ነው» እያሉ ይመልሱለት ጀመር።

ኅዳር ሲገባ «አምና በግምት ነበር የለመድኩት» አለን ራት ላይ። «እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ እስከ ድልድዩ እያልኩ። ጉድ የሠራኝ ግምት ነው። ልብስ በግምት ይቆረጣል?» አፉ ላይ የማይጠፋ አባባል ነበረው፦ አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ። ያኔ ቤታችን ያለችው ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፤ ሰዓት ትናገራለች፣ ርቀት የምታውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ከሱቅ የናይለን ገመድ ገዛ፣ በልብስ መለኪያው ሦስት ጊዜ ለክቶ ልክ ሃምሳ ሜትር ላይ ቋጠረው። ገመዱ መቶ ጊዜ ከተዘረጋ አምስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ አሥር። እሱ የፊቱን ጫፍ ይዞ ይሄዳል፣ እኔ የኋላውን ይዤ እቆማለሁ፣ ሲወጠር «ና» እንደተባለ ውሻ እከተለዋለሁ።

ቆጠራውም የኔ ነበር። እናቴ የቆላችውን ሽምብራ መቶ ፍሬ ቆጥሮ ዩኒፎርሜ ግራ ኪስ ውስጥ ጨመረው። ገመዱ በተዘረጋ ቁጥር አንድ ፍሬ ከግራው ወደ ቀኙ ኪስ አዛውራለሁ። ግራው ባዶ ሲሆን ደረስን ማለት ነው።

«ለምን በጠጠር አናደርገውም?» አልኩት።

«ጠጠር ኪስ ይበሳል» አለኝ።

ቀኑ ረቡዕ፣ ወቅቱ የነቢያት ጾም ነው። የእኛ ክፍል የሚማረው ከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ጠዋቱ የራሴ ነው። በዚያ ዓመት እናቴ «አሥር ዓመት ሞላሽ፣ ከእንግዲህ እንደ ሰው እስከ ስድስት ሰዓት ትጾሚያለሽ» ብላኝ ኮርቼ ነበር። ኩራቱ እስከ ሠላሳኛው ገመድ ድረስ ቆየ። ከዚያ ፀሐይዋ ወጣች፣ ሆዴ ይጮኽ ጀመር፣ የቆሎው ሽታ ደግሞ እጄን ኪሴ በከተትኩ ቁጥር ጣቴ ላይ እየተጣበቀ ይመጣል።

ግራ ኪሴን አልነካሁም። እዚያ ያሉት ገና ሥራ አላቸው። ቀኝ ኪሴ ውስጥ ያሉት ግን ተቆጥረው አልፈዋል፣ ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ ከእንግዲህ ለማን ይጠቅማሉ ብዬ አንዱን ወደ አፌ ጣልኩት። እንዳይሰማ በምራቄ አርሼ፣ በመንጋጋዬ ቀስ ብዬ ነበር የምሰብረው። ጨው ጨው ይላል። አያ ፈንቴ ከሃምሳ ሜትር ወዲያ ጀርባውን ሰጥቶ «ሳቢው» ሲል እስባለሁ፣ «ልቀቂ» ሲል እለቃለሁ፣ እየቆጠርኩ እበላለሁ። አሥራ ሁለት ላይ ሐዋርያት ትዝ አሉኝና ደንግጬ አቆምኩ።

አንድ የኮሶ ዛፍ ሥር ስንደርስ ግራ ኪሴ ባዶ ሆነ። «ደረስን» አልኩ። «ጎሽ» አለና ኮቱን መሬት ላይ አነጠፈ። «አሁን ደግሞ ቀኙን እንቁጠር።»

ይኼን አላሰብኩትም። ተንበርክኮ እያንዳንዷን ፍሬ በጣቱ እየገፋ ቆጠረ። ሰማንያ ስምንት። እንደገና ቆጠረ። ሰማንያ ስምንት። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔ ኮሶውን አየሁ። ከዚያ ግራ ኪሴን ገለበጠው፤ ጥጉ ላይ ትንሽ ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ፊቱ ተለወጠ። «የኔ ስፌት ነው» አለ በቀስታ። ክረምት ላይ በአንድ እግር የሰፋው። «በቃ፣ አሥራ ሁለቱ ሳይቆጠሩ በዚህ ሾልከዋል። የለካነው ሰማንያ ስምንት ገመድ ብቻ ነው።» ኪሴን እንደ ቁስል በሁለት ጣቱ ይዞ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔ ልናገር አፌ ውስጥ ቃሉ ነበረ፣ ከሽምብራው ፍርፋሪ ጋር። ጾም መግደፌ ይታወቅብኛል ብዬ ዋጥኩት።

አሥራ ሁለት ገመድ ጨመርን። የደረስንበት ቦታ ላይ ሁለታችን አንድ ድንጋይ አንከባለን አቆምን፣ በማግሥቱ ኖራ ቀባው። መዞሪያው እሱ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ በቁጥር ሆነ። ባሕር ዳር መንገዱን ለመኪና የሚከፍቱት ከአራት ሰዓት ተኩል ሩጫ በኋላ ነው፤ ከዚያ የዘገየ ሰው አውቶቡስ ላይ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ማራቶኑን ለመጨረስ አያ ፈንቴ ድንጋዩን ደርሶ መልስ በአንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ መጨረስ ነበረበት። እኔ መለካት የጀመርንበት ወፍጮ ቤት ደጅ ስልኳን ይዤ እቀመጣለሁ። ሲመጣ ሽታው ቀድሞ ይደርሳል፣ የላብና የስፌት መኪና ዘይት። ሰዓቱን አሳየዋለሁ። አንድ ሰዓት ከአሥር። በሳምንቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ አንድ። «ዳገቱ ነው» ይላል አንድ ቀን። «ጾሙ ነው» ይላል ሌላ ቀን። ጾሙም አለቀ፣ ገና በዓልም አለፈ፣ ሰዓቱ ግን ፈቀቅ አላለም። ማታ ማታ የተረከዙን ጅማት በቅቤ እያሸ፣ ከብት የሚገዛ ሰው እንደሚያይ አገላብጦ ያየዋል።

እኔ ምክንያቱን አውቄዋለሁ ብዬ አምን ነበር። እግዜር የበላኋቸውን አሥራ ሁለት ፍሬዎች አንድ በአንድ ጅማቱ ላይ ቋጥሮበታል። የገደፍኩት እኔ፣ የሚቀጣው እሱ። ቁጥሩ ደግሞ የሐዋርያት ሆኖ አረፈው። አሥራ ሦስት በልቼ ቢሆን እንኳ ይቀለኝ ነበር እያልኩ ራሴን እረግማለሁ። የበላሁትን ለመተካት እናቴ ቆሎ ከምታስቀምጥበት ቁምጫ አሥራ ሁለት ፍሬ ሰረቅኩና ድንጋዩ ሥር ቆፍሬ ዘራሁ፣ ሳምንት ሙሉ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ እየወሰድኩ አጠጣሁ። የተቆላ እህል እንደማይበቅል የገበሬ አገር ልጅ ሆኜ አልመጣልኝም። ባዶውን አፈር ሳይ ግን አልታረቅኩም ብዬ ደመደምኩ።

የመጨረሻው ሙከራ ከጥምቀት በፊት ነበር። ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ። በሁለተኛው ዙር እኒያ «ከብቱ ደኅና ነው» የሚሉት ሽማግሌ በቅል ውኃ ይዘው ጠበቁት። በሦስተኛው እየዘመመ መጣ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖት ነበር። ውኃ እንኳ ሳይጠጣ በረንዳው ላይ ወጥቶ በልብስ ጠመኔው ጥቁር ካኪ ላይ አሰላ። በዚህ አካሄድ ማራቶኑን የሚጨርሰው በአራት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ነው።

«ሃያ አምስት ደቂቃ» አለ ለራሱ። «ሃያ አምስት ደቂቃ ከየት ይመጣል።»

ራት ላይ ለእናቴ ነገራት። «ዘንድሮ አልሄድም። እግሬ አልዳነም። ሁለተኛ አውቶቡስ ላይ ከምወጣ ቤቴ ብቀመጥ ይሻለኛል።»

እናቴ ሦስት ወር ሙሉ «ተው፣ በስተርጅና ምን አሮጠህ» ስትለው የነበረች ሴት ናት። ደስ ይላታል ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ሳይጠይቃት ወጡን ጨመረችለት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑ የገባኝ።

በማግሥቱ ጠዋት በረንዳው ላይ ቁምጣውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በምላጭ ሲተረትረው አገኘሁት። ለውድድሩ ብሎ ራሱ የሰፋት አረንጓዴ ቁምጣ ናት፤ በጎንና በጎኗ ነጭ መስመር አላት፣ እናቴ «የሰው ጭን አታሳየን» ስላለችው ከጉልበት በታች ትወርዳለች። «ላንቺ የደብተር ቦርሳ ይወጣታል» አለኝ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። ክሩ ጠቅ ጠቅ እያለ ሲበጠስ ይሰማል። አልቻልኩም። ተነሥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ፤ መንገድ ላይ «ማን ሞተ?» ያለኝ ሰው ነበር፣ አልመለስኩለትም።

አባ ጥበቡ የቤታችን የንስሐ አባት ናቸው። ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ የዓመቱን ጾምና በዓል ወረቀት ሳይዙ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ የሚያወጡ ሰው ናቸው። የጽድ ዛፍ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ቆምኩ።

«አባ፣ ጾም ገድፌያለሁ።»

«በምን?»

«በሽምብራ ቆሎ።»

«ስንት በላሽ?»

ስንት ብለው ይጠይቁኛል ብዬ አልጠበቅኩም። «አሥራ ሁለት። ከአያ ፈንቴ ጋር መንገድ ስንለካ ነው። በዚያ የተነሳ እግዜር እግሩን አሰረው። አሁን ቁምጣውን እየተረተረው ነው።» ለቅሶ ያዘኝ። እያለቀስኩ ገመዱንም፣ ሁለቱን ኪስም፣ ቀዳዳዋንም፣ ድንጋዩንም ነገርኳቸው።

አላቋረጡኝም። አንድ ሁለቴ ብቻ «ግራው ባዶ የሆነው የት ላይ ነው?» «ከዚያ ስንት ጨመራችሁ?» አሉኝ። ከዚያ አውራ ጣታቸው አንጓዎቻቸው ላይ መውጣት መውረድ ጀመረ፤ ፋሲካ የሚያወጡ ነው የሚመስለው። ጣታቸው ቆመ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለኔ ኃጢአት የሚያለቅሱ መሰለኝ። ኋላ ሳያቸው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እየሳቁ ነው።

«ልጄ» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እግዜር የሰው ጅማት በሽምብራ አያስርም። ለጾሙ ዐርብ አንድ ሰዓት ጨምረሽ ትጾሚያለሽ፣ እሱ ቀላል ነው። የከበደው ዝም ማለትሽ ነው። ሄደሽ ለፈንቴ ንገሪው።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«እኔ አልችልም። ንስሐ ላይ የሰማሁትን ለማንም አልናገርም፣ ለፈንቴም ቢሆን። ይኼን የምትነግሪው አንቺ ብቻ ነሽ። በይ ቶሎ ሂጂ፣ ምላጩ አይጠብቅሽም።»

ስመለስ አንዱን ጎን ጨርሶ ሁለተኛውን ጀምሯል። ከፊቱ ቆምኩ።

«አያ ፈንቴ፣ ሽምብራው አልወደቀም። እኔ ነኝ የበላሁት። አሥራ ሁለቱንም።»

ምላጩ ቆመ። ኩርኩም ጠብቄ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ከየትኛው ኪስ?» አለኝ።

«ከቀኙ።»

«ተቆጥረው ካለፉት?»

«ሥራቸውን ጨርሰው ነበር» አልኩት።

ዓይኔን ስገልጥ ምላጩን አስቀምጦ ጠመኔውን አንስቷል። ያኔ ነው ለኔም ቀስ ብሎ የገባኝ። ኮሶው ሥር ስንደርስ መቶው ገመድ ሞልቶ ነበር። ከኪሱ ቀዳዳ አንድም ፍሬ አልወጣም። አሥራ ሁለቱን ገመድ የጨመርነው በከንቱ ነው፤ አሥር ኪሎ ሜትር ያልነው ደርሶ መልስ ከአሥራ አንድ በላይ ነበር። አያ ፈንቴ ሁለት ወር ሙሉ የማያውቀውን ትርፍ መንገድ እየሮጠ እግሩን ሲያማ ከርሟል።

አሰላ። አጠፋና እንደገና አሰላ። አሥር ጊዜ ለካ የሚል ሰው ነው፣ ሦስተኛም አሰላ። ሦስቱም ጊዜ አራት ሰዓት ከሃያ አራት መጣ። ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰካና ጎንበስ ብሎ የቀኝ እግሩን ተረከዝ ያዘ። «ይቅር በለኝ» አለው፣ ለእግሩ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። እኔም እንደገና አለቀስኩ፣ በዚህኛው ግን ቀለለኝ።

ከዚያ መርፌውንና ክሩን ሰጠኝ። ዓይኑ ቅርብ አያይም። «አስገቢልኝ» አለ፣ «የተረተርኩትን ልስፋ።»

በማግሥቱ ገመዱን ይዘን እንደገና ለካን። ዘንቢል ሙሉ ጠጠር ይዞ መጣ፤ ኪስ ይብሳ፣ ኪስ እኔ እሰፋለሁ አለ። ለኔ ደግሞ በወረቀት የተጠቀለለ ሽምብራ ሰጠኝና «ይኼ የመብል ነው» አለኝ። ጾም አልነበረም። መቶው ገመድ ኮሶው ሥር አለቀ፣ ድንጋዩ አሥራ ሁለት ገመድ ወዲያ ነጭ ሆኖ ይታያል።

«እንመልሰው?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «ተይው» አለ። «እዚህ የለመደ እግር ሌላ አገር ሄዶ አያፍርም።»

ጥምቀት አልፎ ዐርብ ዕለት በእስቴ በኩል ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ሄደ፤ ቁምጣዋን ከሱሪው ሥር ለብሷት ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እናቴ ስልኳን መሶቡ ላይ አስቀመጠቻት፣ ሁለታችን እንደ ታቦት ከብበናት ተቀመጥን። ሩጫው የሚጀመረው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው ብሎናል፤ እንግዲህ አምስት ሰዓት ከሆነ በኋላ የሚመጣ ወሬ የአውቶቡስ ወሬ ነው ማለት ነው። አምስት ሰዓት ሆነ። እናቴ ማሽላ ትለቅማለች፣ አንድ ፍሬ ሦስቴ እያነሳች ትጥላለች። አምስት ከሩብ። አምስት ተኩል ሊሆን ሲል ከማናውቀው ቁጥር ተደወለ።

«በልተሃል?» አለች እናቴ መጀመሪያ። ከዚያ «አልወደቅህም?» አለች። ከዚያ ስልኳን ለኔ ሰጠችኝና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«አራት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ» አለኝ አያ ፈንቴ። ትንፋሹ ገና አልተመለሰም። ስልክ የሚያውሰው ሰው ፈልጎ ዘግይቶ ነው። «ሠላሳ አምስተኛው ላይ አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ረዳቱ ሲያየኝ ‹ጋሼ፣ ይግቡ› አለኝ። ‹እግዜር ይስጥልኝ፣ ከዚህ ወዲያ ቅርብ ነው› አልኩት።» ከኋላው ሰው ሲጨበጭብ ይሰማል። ከዚያ እናቴ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሽምብራውን ነገር እስከ ዛሬም አልነገራትም። «ስመኝ» ብሎ በስሜ ጠራኝና «አርባ ሁለቷ አጭር ናት» አለኝ።

በሳምንቱ ገበያተኛው በበረንዳው ሲያልፍ «ፈንቴ፣ ዘንድሮ መኪና አጣህ አሉ» ይለው ነበር። እሱም «ሞልቶ ነበር» እያለ በሁለት እግሩ ይረግጣል። የስፌት መኪናው ድምፅ ማነከሱን ተወ።

ያን ሁሉ እያሰብኩ ነው ከመናኸሪያው ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት በድሮው መንገድ የወጣሁት። ድንጋዩ እዚያው ነው። በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ እዚያ የሚለማመዱ ተማሪዎች ኖራ ይቀቡታል። ቆሎዬን ይዤ አጠገቡ ቁጭ ባልኩበት አንዲት ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ስልክ ክንዷ ላይ አስራ እየሮጠች መጣች። ድንጋዩን በእግሯ ነካችና ቆማ ተነፈሰች። ስልኳን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«ምነው?» አልኳት።

«ይኼ ስልክ እዚህ ሲደርስ ሁሌ ይሳሳታል። አምስት ኪሎ ሜትር ከስድስት መቶ ይለኛል። ኔትወርክ ስለሌለ መሰለኝ።»

«ምናልባት ድንጋዩ ቢሆንስ የተሳሳተው?»

እንደ ነውረኛ አየችኝ። «ድንጋዩን የለካው አያ ፈንቴ ነው» አለችኝ። «አያ ፈንቴ አሥር ጊዜ ሳይለካ አይቆርጥም።» ከዚያ ለስለስ ብላ ጨመረችበት። «ለውድድር ሌላ ቦታ ስንሄድ ግን ይቀለናል። ለምን እንደሆነ እንጃ።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አያ ፈንቴ «ተይው» ያለው ትዝ አለኝና የሽምብራውን ጥቅል ዘረጋሁላት። ሳትቆጥር ዘገነችና እያኘከች ወደ ከተማው ሮጠች።